ቀለም እንቢ ያለው ጀልባ

ግንቦት 17 ቀን 1963

ዋጋሪ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ነገ እኔው ራሴ ብረሳ እንኳ እዚህ ተጽፎ ይቆየኝ። ጎመኔን ያጠፋው ዋጋሪ ነው።

ጠዋቱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ግቢ ጠረግሁ። ዶሮዎቹን አወጣሁ። ለምሳ ጎመን ልቀነጥስ ጎንበስ ስል የእህል ጫኙ የሞረዳ ጭነት መኪና ከደጄ ቆመ። ሰዎች ጀልባ ተሸክመው ገቡ። ጀልባ… እዚህ ነቀምቴ፣ ከወንዝ ይህን ያህል ርቀን። የት እናሳርፈው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዋጋሪ ከኋላ ሆኖ በከዘራው አሳያቸው። ጎመኔ ላይ።

"ዋርሳ፣ ጎመኑ…" አልሁት።

"ጎመን ይበቅላል።"

ገብቶ በባሌ በጨመዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ አስታጠብሁት። ባሌ ጨመዳ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ነኝ፣ የሱ ቦታ የኔ ነው ይላል። እንደ አገሩ ልማድ እኔንም ሊወርሰኝ ፈልጎ ነበር። እንቢ አልሁ። ሚስትነቱን እንቢ አልሁ እንጂ ማስታጠቡን እንቢ ማለት አልቻልሁም። በመጣ ቁጥር ይዘረጋል፣ በመጣ ቁጥር አፈሳለሁ። ሲድህ የማውቀው ሰው…

ጀልባው የፈረንጅ ነበር። የአንገርን ወንዝ ሲለካ የከረመ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለዋጋሪ ትቶለት ሄደ። እንጨት አይደለም። ብረት አይደለም። ፋይበርግላስ ይባላል አለኝ ዋጋሪ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያላመጠ። መስታወት እንደ ጥጥ ተፈትሎ በሙጫ የተጋገረ ነው አለ። በጥፍሬ አንኳኳሁት። እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል።

"ቀለም ትቀቢዋለሽ" አለኝ።

"እኔ?"

"የተማሪ ቤቱን በርና መስኮት የቀባው ማን ነው? አዲስ አበባ ቢሆን የሚረጭ መሣሪያ አለ። እዚህ ያለው ያንቺ እጅ ነው።"

እንቢ ልል አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ነው ያመጣው።

"ያለ ቀለም ውኃ ይጠጣል፣ ይሰጥማል። ቀለሙ ሲያልቅ ግን አንገር ላይ ሰው ያሻግራል፣ የመጀመሪያዋ ተሻጋሪ አንቺ ነሽ። ደራርቱ ሳትወልድ ማዶ ትደርሻለሽ።"

አፌን ዘጋሁ።

ግንቦት 18

ትናንት የደራርቱን ነገር ሳልጽፍ ተኛሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። በቋንቋችን ሳስበው ይቆርጠኛል። በአማርኛ ስጽፈው የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። ፊደሉን ያስተማሩን በአማርኛ ነው። ይሁን፣ የሌላ ሰው ነገር ይምሰል።

ደራርቱ አንድ ልጄ ናት። ባቻ የሚባል ገበሬ አግብታ ከአንገር ማዶ ትኖራለች። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ይታለፋል። በክረምት የሚሻገረው ወፍ ብቻ ነው። አምና ነሐሴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ሄድሁ። ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ ቀረሁ። ባቻ ማዶ ቆሞ ጮኸልኝ። የውኃው ድምፅ በለጠው። ሲደክመው ሁለት ክንዱን ሕፃን እንዳቀፈ ሰው አደረገ። ከዚያ በጣቱ መሬቱን አሳየኝ።

የልጅ ልጄን መቀበር እንዲህ ነው የሰማሁት።

ዘንድሮም ለነሐሴ ናት፣ ቤቴን ዘግቼ ከአሁኑ ሄጄ እዚያ መክረም አልችልም። ዋጋሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በልጄ ማህፀን አሰረኝ።

ግንቦት 21

መፋቅ። ቀለም ልሙጥ ነገር ላይ አይቆምም፣ መጀመሪያ መሻከር አለበት። ጀልባውን በአፉ ደፍተን ቀኑን ሙሉ ሆዱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። ነጭ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱ መስታወት ነው። ቆዳ ውስጥ ይገባና እንደ ሳማ ይለበልባል። ታጠብሁ፣ ባሰ። አንገቴ፣ ክንዴ፣ የጡቴ ሥር… ምን ዓይነት ሰው ነው መስታወት ፈትሎ ጀልባ የሚሠራ?

በዛብሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ጠላ ሻጭ። አባቷ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። አማርኛዬን የምታርመው እሷ ናት። የሷን ኦሮምኛ የማርመው እኔ ነኝ። የደራርቱ እናት ለማለት እንደ እኛ ሃዳ ደራርቱ ትለኛለች።

"ሃዳ ደራርቱ፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ?"

"ጀልባ ነው።"

"የማን?"

"የዋጋሪ።"

"እንግዲያው የሬሳ ሣጥን ይሁን እያልሽ ፋቂው።"

አሳቀችኝ። ከዚያ ጨርቅ አፏ ላይ አሥራ ገባች። አብረን ስናክ ዋልን።

ግንቦት 22፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ዋጋሪ አልመጣም። ወገቡን አመመው አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ ፊት ወንበር ላይ ሳላየው ጸሎት የጸለይሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

የጌታ ራት ነበር። ሰው ሁሉ ሲነሣ እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ። ደራርቱን ስድር ራሷን ቅቤ ቀብቼ ስለመረቅኋት ታግጃለሁ። እናቴ እኔን እንደዚያ ነበር የመረቀችኝ። ዋጋሪ ግን የአሮጌው አምልኮ ነው ብሎ በጉባኤው ሁሉ ፊት አስቆመኝ። በስሜ ጠራኝ። ሃዳ ደራርቱ አላለኝም፣ በስሜ። እስከ ዛሬ እንደታገድሁ ነኝ።

ስመለስ የበዛብሽ ውሻ የጀልባውን ሆድ ይልሳል። በድንጋይ አባረርሁት። ርኩስ። ሙሉ ቀን የፋቅሁትን…

ግንቦት 24

ቀባን።

ብሩሽ ብቻውን ጭረት ይተዋል፣ እንደ ታረሰ ማሳ። መስኮት ላይ አይታይም፣ እንዲህ ባለ ሰፊ ሆድ ላይ ግን ያስጠላል። አሰብሁ፣ አሰብሁ። የበግ ለምድ ቁራጭ ዱላ ላይ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርሁ። እኔ ለምዱን እያንከባለልሁ ቀለሙን አለብሳለሁ። በዛብሽ በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ከኋላዬ ትከተላለች፣ የነካች ሳትመስል። አረፋውም ጭረቱም ይጠፋል። መቆም ግን የለም። ከቆሙ ጠርዙ ይደርቅና ጠባሳ ይሆናል።

"ዝንብ ገባበት" አለች በዛብሽ።

"እለፊው።"

"ይሞታላ።"

"እሱም ይሻገር።"

የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ራሴን ለሁለት ከፈለው። ምሳ አልበላ አለኝ። ሲያልቅ ግን ቆሜ አየሁት። ነጭ፣ ልሙጥ፣ የሰማዩ ደመና የሚታይበት። ተረጨ ቢባል ማን ይጠረጥራል? ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው። ለዋጋሪ አልነግረውም።

ማታ መጣ። ነጩ አይበቃም አለ። ከላይ አረንጓዴ፣ መኻል ቢጫ፣ ከታች ቀይ። ለመሻገሪያው ምረቃ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል። ያ ትልቅ ሰው ጀልባውን ያያል። ጀልባውን አይቶ ዋጋሪን ያያል። ዋጋሪን አይቶ ግራዝማች ይለዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

እጁን ዘረጋ። ጣቶቼ መኻል ቀለም ነበረ። አስታጠብሁት።

ግንቦት 27

አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ አለቀ። የንብ ቀፎ ይመስላል… አይ፣ ቀፎ ያምራል። የዋጋሪን ልብ ይመስላል።

ሰኔ 2

ተላጠ።

ጠዋት በአውራ ጣቴ ጠርዙን ነካሁት፣ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ተነሥቶ መጣ። መዳፍ የሚያህል። ጎተትሁ፣ ክንድ የሚያህል። አረንጓዴው ከነነጩ ወለቀ። ከሥሩ ጀልባው እንደ መጀመሪያው እርቃኑን አለ። ምን አጠፋሁ? በደንብ አልፋቅሁም? ቀለሙ ቀጠነ? ተቀምጬ አለቀስሁ። ለቀለሙ አይደለም።

ዋጋሪ መጥቶ አየ። በከዘራው ጫፍ ላጠው። ደነገጠ እንጂ የተቆጣ አይመስልም ነበር። ከዚያ ነው የተቆጣው።

"እጅሽ ነው" አለኝ።

ሰኔ 5

ፍቆ ማውረድ። እንደ ገና ብርጭቆ ወረቀት። እንደ ገና ማከክ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኔ 6፣ እሑድ

አሁንም ዋጋሪ ወገቡን አሞታል። እግዚአብሔር ይማረው ብሎ ጉባኤው ጸለየለት። እኔም አሜን አልሁ፣ ከአንገት በላይ።

ስመለስ ጀልባው ላይ ጉንዳን ተሰልፏል። ከመሬት እስከ ሆዱ፣ ከሆዱ እስከ ጫፉ። ጉንዳን ፋይበርግላስ ይበላል? በጨርቅ አራገፍሁት።

ሰኔ 9

ዝናቡ ጀመረ። በአራት ቋሚ ላይ ጆንያ ዘርግተን ከሥሩ ቀባን፣ እኔ ለምዱን፣ በዛብሽ ብሩሹን። ሁለታችንም አልቀለድንም።

"ለደራርቱ ነው አይደል?" አለችኝ መጨረሻ ላይ።

"ለሷ ነው።"

"በይ ይህቺ ጥግ ቀርታለች።"

ሰኔ 17

ከመጀመሪያው ባሰ። ቆዳው ሳይነካ በራሱ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፣ እንደ ተገፈፈ በግ።

ሰኔ 18

ዋጋሪ ገበያ መኻል አውርቶብኛል። የመበለት እጅ የነካው ቀለም አይይዝም ብሏል። በዛብሽ ጠላ ቤቷ ውስጥ ሰምታ መጣች።

"እኔም መበለት አይደለሁ?" አለች። "ጌሾዬ አልቦካም ብሎ ያውቃል?"

"ተይው።"

"አልተውም። ወንዶቹ ፊት እንዲህ አልኋቸው፤ የዋጋሪ ጀልባ ሴት አይታ የምታወልቅ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ጠፋ። እውነት እጄ ቢሆንስ? አምና ደራርቱ ዘንድ ያልደረሰ እጅ… ይህን ማሰቤ ራሱ ያስጠላኛል። ዋጋሪ ያስባል፣ እኔ አምናለሁ።

ሰኔ 21

ፉፋ ከአንገር መጣ። የፈረንጁን ጀልባ የሚቀዝፈው እሱ ነበር። ባቻ ነው የላከው። ወንዙ ድንጋዮቹን ሸፍኗል። የደራርቱ እግር አብጧል። "እናቴ በጊዜ ትምጣ" ብላለች።

"ጀልባውስ?" አለኝ ፉፋ።

ወስጄ አሳየሁት። ዞሮ ዞሮ አየው።

"ምን አደረጋችሁት?" አለ። ጠላ ቀመሰና ሄደ።

ሰኔ 27፣ እሑድ

አየሁ። በዓይኔ አየሁ።

መነጽሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፣ ያለ መነጽር መዝሙሩ ጉንዳን ነው። በር ላይ ስደርስ ከግቢዬ ድምፅ ሰማሁ። ከኮባው ኋላ ቆምሁ።

ዋጋሪ ነው። ወገቡ የታመመው ዋጋሪ። ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ጠቅልሏል። አጠገቡ ሽማግሌው ኩማ፣ ላም ስትወልድ፣ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ እየተጠራ ቅቤ ቀብቶ የሚመርቀው። መኻላቸው ቅል ሙሉ ቅቤ። ትናንት ሦስተኛ ጊዜ ፍቄ ያዘጋጀሁትን ሆድ ሁለቱም በመዳፋቸው ያሻሉ።

"ከፊቱ አብዛው" ይላል ዋጋሪ። "ባለፈው ያሳነስነው ፊቱን ነው።"

"ሁለት ጊዜ ቀባነው እኮ።"

"ታዲያ ለምን ቀለሙን ይጥላል? ወንዙ አልተቀበለንም ማለት ነው። ጨምርበት።"

ኩማ ጨመረ። ከዚያ ሰርዶ ሳር ነጭቶ በተደፋው ጀልባ ሥር እጁን አሾልኮ ከመቀመጫው ሥር ሰካ፣ እያጉተመተመ።

ያ ውሻ… ያ ጉንዳን… የመስታወት ዱቄት ያበላኝ፣ በገበያ ያዋረደኝ ይህ ነው? ቅቤ ላይ የሚይዝ የዘይት ቀለም የት አገር አለ? ሲላጥ ቅቤ ይጨምራል፣ ቅቤ ሲጨምር ይላጣል። ይህ ሰው ነው እኔን በጉባኤ ፊት ያቆመኝ።

ዋጋሪ መዳፉን ሲያንሸራትት አየሁት። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። የደራርቱን ራስ ያሸሁት ልክ እንደዚያ ነበር።

አልጮህሁም። መነጽሬንም አላነሣሁም። ተመልሼ ሄጄ ያለ መነጽር ዘመርሁ።

ሰኔ 28

ቅቤ እንኳን መብላት አስጠላኝ።

ሐምሌ 3

ዋጋሪ ራሱ ነው ሽማግሌዎቹን የጠራቸው። ጀልባውን ረግማዋለች ብሎ ከሰሰኝ። እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ኦቦ ጉሉማ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሃዳ ደራርቱ፣ ረግመሻል?"

"አልረገምሁም።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው?"

ወጣሁ። ከመቀመጫው ሥር ሰርዶውን ነቀልሁ። የጀልባውን ሆድ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁ። ሁለቱንም አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አኖርሁ። ኦቦ ጉሉማ ጨርቁን አሸተተ።

"ቅቤ ነው" አለ።

"ሦስት እሑድ" አልሁ። "እናንተ ለወገቡ ስትጸልዩ።"

ዋጋሪ ሰርዶውን አየ፣ ከብት የሚበላው ሳር ነው አለ። ኦቦ ጉሉማ ጨርቁን ወደሱ ገፋለት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

"ያ ወንዝ ወንድሜን በልቷል" አለ። "በቅሎው ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። እኔ ነኝ ዳር ለዳር ስፈልገው የሰነበትሁት። ፈራሁ።"

የጨመዳን ሞት ሲያነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ለአፍታ አሳዘነኝ። ፈራሁ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ቅቤውን እኔው ከጓዳዬ አወጣለት ነበር። ከቀለሙ በኋላ ይሁን እለው ነበር፣ ተጋግዘን እንቀባው ነበር። እሱ ግን እኔን በአደባባይ ከሶ በጓሮ መጣ።

ኦቦ ጉሉማ ተነሣ።

"የወንድማችንን ጉዳይ በጓዳ እናየዋለን" አለ።

በጓዳ። የኔን ቅቤ ያዩት በአደባባይ ነበር፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። የሱን በጓዳ። ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ። እጄን በአመድ አጠብሁ።

ሐምሌ 5

ዋጋሪ እንዳልሆነ ሆኖ መጣ። እጁን ዘረጋ። ልማድ ክፉ ነው፣ አፈሰስሁለት።

"ቅቤውን እጠቢውና እንደ ገና ቀቢው" አለ። "ቃሌን አልረሳሁም። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።"

በእንዶድ አጠብሁት። በአመድ ፈተግሁት። በአኳራጅ ጠረግሁት። እጄ ተሰነጣጠቀ። ለውስጡ ቀለም ይመቻል ተብሎ ጀልባው ወደ ላይ ተገለበጠ። አሁን የቀረው ደረቅ ቀን ነው። በሐምሌ ደረቅ ቀን…

ሐምሌ 11

ዝናብ።

ሐምሌ 13

ዝናብ። ጆንያው በሰበሰ። ደራርቱን በሕልሜ አየኋት፣ በእጇ መሬቱን ታሳየኛለች።

ሐምሌ 15

ዛሬ አባራ። ጀልባው በዝናቡ ሞልቶ አገኘሁት፣ አፍ እስከ ገደፉ። በዛብሽን ጠርቼ በባልዲ እንቅዳው አልኋት። በሁለት ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። ባልዲው ወድቆብኝ ላነሣ ጎንበስ አልሁ፣ ከሥሩ ገባሁ። ሆዱን ዳበስሁ።

ደረቅ።

እንደ ገና ዳበስሁ። ቀለሙ የወለቀበትን፣ እርቃኑን ያለውን። ደረቅ። ይህን ሁሉ ውኃ ተሸክሞ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

"ምን ሆንሽ?" አለች በዛብሽ። "ወገብሽን ነው?"

"በዛብሽ፣ ውኃ የማያስወጣ ዕቃ ውኃ ያስገባል?"

ባልዲውን እንደያዘች አሰበች።

"እንስራ ውኃ ካላስወጣ ወንዝ ውስጥ ብትጥዪውም አያስገባም" አለች። ከዚያ ገባት። ባልዲውን አስቀመጠች። "ውይ… ውይ ያንቺ ዋርሳ።"

ተቀመጥሁ። ያ ፈረንጅ ያለ ቀለም ሲቀዝፈው አልከረመም? ፉፋ "ምን አደረጋችሁት" ያለኝ ይህን አልነበር? ለምን አልጠየቅሁም? ዋጋሪ ይሰጥማል አለ፣ አመንሁ። ቀለሙ ለውኃው አልነበረም። ለዚያ ለትልቁ ሰው ዓይን ነበር። እኔ በፈለግሁት ቀን መሻገር ስችል፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ለግራዝማችነቱ ስፍቅ…

ዋጋሪ አስጠላኝ። ከዋጋሪ ይልቅ ያመነችው ሴትዮ አስጠላችኝ።

ሐምሌ 16

ሞረዳ ነገ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ማሽላ ሊጭን። መኪናው ባዶ ነው። በዛብሽ የእድሯን ወንዶች ለመነች፣ ድንኳን የሚሸከሙትን።

ሐምሌ 17

መኪናው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ጭቃ ይዞት ቆሞ ሲገፉት።

ጀልባውን ከግቢ ሲያወጡ ዋጋሪ ደረሰ። በር ላይ ቆመ።

"ወዴት ነው?"

"አንገር።"

"በዚህ መልኩ? እንዲህ ተላልጦ ሰው ፊት አይወጣም።"

"ሰው ፊት አልወስደውም። ውኃ ፊት ነው።"

"ይሰጥማል ብዬሻለሁ።"

"ሰሞኑን በዝናብ ሞልቶ አደረ፣ አልፈሰሰም። አንተ ውኃ ጠጥቶ አይተኸዋል?"

ከዘራውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። አላየም። እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። ዋሸ እንኳ ማለት አልችልም… ሳያውቅ እንደሚያውቅ ተናገረ፣ እኔ ደግሞ ወንድ ስለተናገረው አወቀ ብዬ አሰብሁ። ይህ ከውሸት ይብሳል።

"እኔ ሳልፈቅድ…" አለ።

ከእድሩ ሰዎች አንዱ "አባባ፣ ትከሻችን አለቀ፣ ከበሩ ፈቀቅ ይበሉ" አለው። ፈቀቅ አለ። በዛብሽ ስታልፍ ዞር ብላ ወገቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

ሐምሌ 19

ተሻገርሁ።

ወንዙ ቀይ ነው፣ የዛፍ ግንድ ይዞ ይወርዳል። አምና የተቀመጥሁበት ድንጋይ ዳር ላይ አለ። አልተቀመጥሁበትም። ፉፋ ቀዘፈ። ጨመዳን የበላው ቦታ ላይ ስንደርስ ስሙን ጠራሁ፣ በውስጤ። ጀልባው ሲናጥ በየጥጉ የቀረው ቀለም እየተላጠ በውኃው ላይ ሄደ። መጀመሪያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ቢጫው። እኛ ቀረን።

ደራርቱ ዳር ላይ ቆማ ነበር። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ።

"ምን ሆኖ ነው እጅሽ?" አለችኝ መጀመሪያ።

"ቀለም ነው።"

"የምን ቀለም?"

"የምንም።"

ነሐሴ 8

ሴት። ትንሽ ናት፣ እንደ ድመት ነው የምታለቅሰው፣ ግን ታለቅሳለች። ምጡ ከባድ ነበር። ሕፃኗ በእግሯ መጣች። እጄን አስገብቼ አዞርኋት፣ ያንን የተሰነጣጠቀ እጅ። ሌላ ሴት አጠገቧ አልነበረም። ባልመጣ… አልጽፈውም።

ባቻ ከደጅ ሆኖ ጠየቀኝ። ድምፄ እንቢ ስላለኝ ሁለት ክንዴን አቅፌ አሳየሁት። መሬቱን አላሳየሁትም።

ራሷን ቅቤ ቀባሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም። የቅቤ ሽታ መልሶ ደስ አለኝ።

መስከረም 20 ቀን 1964

ቤቴ ነኝ።

ምረቃው ተደረገ። ትልቁ ሰው መጣ። ክረምቱን ሙሉ ፉፋ በዚያ ጀልባ ሰው ሲያሻግር ከርሟል፣ ወፍጮ የሚሄደውን፣ ታማሚውን፣ ማሽላውን። ዋጋሪ ሰሞኑን ሄዶ በዳሩ በኩል የሚታየውን ጎኑን ብቻ አስቀብቶታል። ፎቶ የተነሡት በዚያ በኩል ነው። ማዶ ቆሜ ሌላውን ጎን አየሁ፣ የተላጠውን። እኔን ያሻገረኝ ያ ጎን ነው። ቀለም የተቀባው ጎን ጠርዙ ላይ አረፋ ይዞ ነበር።

ግራዝማች ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው እጅ ነሡት። የቅቤው ጉዳይ አሁንም ጓዳ ውስጥ ነው።

ጎመን ይበቅላል ብሎኝ ነበር። አልበቀለም። ቀለም የፈሰሰበት መሬት ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ የጀልባውን ቅርጽ ይዞ። ሌላ ቦታ ቆፈርሁ።

መስከረም 23

ዛሬ መጣ፣ አዲሱን ካባውን ደርቦ። ጨመዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብሁ። እንግዳ እንግዳ ነው። እጁን ዘረጋ።

ተቀመጥሁ።

እጁ አየር ላይ ቆየ። አየኝ። እኔም አየሁት። ካባው ጥለቱ ወርቅማ ነው፣ እጁ ግን ያው የዋጋሪ እጅ ነው።

"ሃዳ ደራርቱ" አለኝ።

"ማንቆርቆሪያው ከኋላህ ነው፣ ግራዝማች።"

ተነሣ። በአንድ እጁ አንስቶ በሌላው ላይ አፈሰሰ፣ ቀየረ፣ አፈሰሰ። ካባው ረጠበ። ሰው ለብቻው ሲታጠብ እንዴት እንደሚያስቸግረው እሱ ዛሬ ነው ያወቀው።

በላ። ሄደ። ሲወጣ ስለ ደራርቱ ልጅ አልጠየቀም።

ከእንግዲህ በዋጋሪ እጅ ላይ ውኃ አላፈስም።